ለጌም የትኛውን ራውተር ልግዛ ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ነኝ፤ ቤት 10 ሜጋ የገመድ ኢንተርኔት አለን፤ ቀን ቀን ሰላም ነው፤ ማታ ማታ ግን ፒንጉ ከ120 ተነስቶ 500 ይገባል» ብለሃል። (ፒንግ ለማያውቅ፦ መልእክትህ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው፣ በሚሊሰከንድ፤ ሲያንስ ጥሩ ነው።) ከዛ ስድስት አንቴና ያለው፣ ቀይ መብራት የሚያበራ «የጌሚንግ ራውተር» ፎቶ ለጥፈህ «ይሄን ልግዛ ወይስ የተሻለ አለ?» ብለህ ጠየቅህ።

መልሴ ይረዝማል። ቡና ካለ ይዘህ ቁጭ በል። ለአሁኑ ግን ምንም አትግዛ። እኔ ገዝቼዋለሁ። ያንኑ ዓይነት፣ በጀርባው የተገለበጠ ሸረሪት የሚመስለውን።

ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ጠዋት በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ ሄድኩ። የወር ደሞዜን ሊጨርስ ትንሽ የቀረው ብር ከፈልኩ። ማታ ተመልሼ ሰካሁት። የመጀመሪያው ሌሊት አሪፍ ነበር። ለጓደኞቼ ሁሉ ደወልኩ፣ «ብር ካላችሁ ይሄን ግዙ» አልኩ። ለካ ጌሙ የሄደልኝ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ስለነበር ነው፤ ቤተሰቡ ተኝቷል። በማግስቱ ማታ 2 ሰዓት ላይ ያው 500 ተመልሶ መጣ። ቀዩ መብራት ግን ያምራል።

የሚያናድደው፣ ችግሬ አንድ እንኳን አልነበረም። ሦስት ነበሩ፣ ተደራርበው። ሦስቱንም ለይቶ ለማወቅ ወራት ፈጀብኝ። ያወቅኩትም በራሴ ብልጠት አይደለም። አንድ አብሮ አደጌ ሆቴል ውስጥ ኔትወርክ ይሠራል። አዳማ መቼም የስብሰባ ከተማ ናት፤ መቶ ምናምን ተሰብሳቢ ከሻይ ዕረፍት ሲመለስ በአንዴ ዋይፋይ ላይ ሲወርድበት የሚውል ልጅ ነው። ሳለቅስበት የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ራውተሩን ራሱን ፒንግ አድርገኸው ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። አንተም ከዚህ ጀምር። ላፕቶፕ ላይ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ክፈት፤ ከሌለህ ስልክ ላይ ፒንግ የሚያደርጉ ነጻ አፖች አሉ። መጀመሪያ የራውተርህን አድራሻ ፒንግ አድርግ። ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው፤ ከሥሩ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ታገኘዋለህ። ይሄ መልእክት ከቤትህ አይወጣም። ስለዚህ ከ2 እስከ 5 ሚሊሰከንድ አካባቢ ሆኖ መርጋት አለበት። እዚህ ላይ 80፣ 150፣ «ጊዜው አልፏል» እያለ ከዘለለ በሽታው ዋይፋይህ ነው። ሌላውን ሁሉ ለጊዜው እርሳው።

የእኔ እንደዛ ነበር። ሳሎን ሶፋው ላይ ስቀመጥ 3። የእኔ ክፍል ጓሮ ካለው ሰርቪስ ስገባ 90፣ 200፣ ከዛ ዝም። የኢንተርኔቱ ገመድ የሚገባው ሳሎን ነው፤ ራውተሩም ቡፌ ውስጥ ነው የሚኖረው። ታውቃለህ አይደል የእናቶቻችንን ቡፌ? ከኋላው መስታወት፣ ከፊቱ መስታወት፣ መሃል ላይ የብርጭቆ ሰልፍ። መስታወት ከጀርባው ብረት የተቀባ ነገር ነው፤ ሲግናሉን ይመልሰዋል። ከዛ ደግሞ እናቴ «አቧራ እንዳይገባበት» ብላ ዳንቴል አልብሳዋለች። በግንቦት የአዳማ ሙቀት፣ ቡፌ ውስጥ፣ ዳንቴል ለብሶ። እጄን ስጭንበት እንደ ካውያ ያቃጥላል። ሸረሪቱንም አምጥቼ ያስገባሁት እዛው ቡፌ ውስጥ ነበር፤ ገመዱ ሌላ ቦታ አይደርስማ። ከቡፌው እስከ እኔ አልጋ ሁለት የብሎኬት ግድግዳ፣ ግቢውና የቆርቆሮ በሬ አሉ። አንቴናው ስድስት ይሁን አሥራ ስድስት ቆርቆሮውን አይበሳውም።

ከቡፌው አውጥቶ ከፍ ያለ ክፍት ቦታ ላይ ማስቀመጥ ብቻውን ግማሹን ችግር ሊፈታልህ ይችላል። በነጻ ነው። ቀጥሎ ቻናሉን፣ ማለትም ዋይፋዩ የሚያወራበትን መስመር፣ እይ። ዋይፋይ በብዛት በሁለት የሞገድ ክልሎች ነው የሚሠራው፣ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ። 2.4 ላይ እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ስቆጥር 17 የጎረቤት ዋይፋይ ይታየኝ ነበር። ሁሉም እነዚህን ሦስት ወንበሮች ነው የሚሻሙት። 5 ጊጋኸርዝ ሰፊ ነው፤ ግን ግድግዳ ላይ ቶሎ ይደክማል። ራውተሩ ካለበት ክፍል የምትጫወት ከሆነ 5 ጊጋን ያዝ፣ ቻናሉንም ከ36 እስከ 48 ባሉት ላይ አድርገው። ከ52 ጀምሮ ባሉት ብዙዎቹ ላይ ራውተሩ ራዳር የሰማ ሲመስለው በሕጉ መሠረት ቻናሉን ለቅቆ መሸሽ አለበት፤ ጌም መሃል ሲሸሽ አያምርም። (ሳቅ የሚያመጣ ነገር ልንገርህ። ሰፈሩ መብራት ሲጠፋ የእኔ ዋይፋይ በሕይወቱ አይቶት የማያውቀው ጥራት ላይ ይደርሳል። የጎረቤቱ ራውተር ሁሉ ሞቷላ።)

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅህ፤ ፒኤስ4 (ፕሌይስቴሽን 4) አለኝ ብለሃል። የትኛው? መጀመሪያ የወጣው ወፍራሙ ከሆነ ዋይፋዩ 2.4 ጊጋ ብቻ ነው። 5 ጊጋን ጭራሽ አያይም። ስሊሙና ፕሮው ያያሉ። እዚህ ከተማ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው አብዛኛው ወፍራሙ ነው፤ ባለቤቶቹም «5 ጊጋ ራውተር ገዛሁ፣ ለውጥ የለም» እያሉ ያማርራሉ። ለእሱ የሚገዛለት ራውተር የለም። የሚገዛለት ገመድ ነው።

ገመድ ስልህ ፊትህን እንዳታዞር። ሪፒተርም፣ ዋይፋይን ተቀብሎ ደግሞ የሚለቀውን ዕቃ፣ ሞክሬያለሁ። ያው አንድ ሬዲዮ ተቀብሎ ያው እሱ ስለሚያስተላልፍ ፍጥነቱን በግማሽ ይቆርጠዋል፣ ፒንጉንም ይጨምራል። በመጨረሻ 25 ሜትር ካት5ኢ የሚባለውን የኔትወርክ ገመድ ገዝቼ በጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ፣ እስከ ክፍሌ ዘረጋሁት። ቱቦው የግድ ነው፤ ያለሱ የእኛ ፀሐይ ላስቲኩን ትሰነጣጥቀዋለች። ከመብራት ሽቦ ጋር አብረህ አታስኪደው። ካት5ኢ እስከ 100 ሜትር ድረስ 1 ጊጋ ያደርሳል፣ ለቤት ይበቃል። ስትገዛ ግን ከውስጡ አንዷን ቀጭን ሽቦ ልጣትና ጫፏን በምላጭ ፋቅ አድርጋት። ከመዳቡ ሥር ብርማ ነገር ከታየህ አሉሚኒየም ነው፤ ተወው። አጥፈህ ስትመልሰው ይቆረጣል፣ ሲቆረጥ ደግሞ አይነግርህም፣ አንዳንዴ ብቻ ይሠራል። እኔ የመጀመሪያውን እንደዛ ጥያለሁ። የገመዱ ዋጋ ከሸረሪቱ ጋር ሲነጻጸር ሳንቲም ነው። ከዛ ቀን ጀምሮ ክፍሌ ሆኜ ራውተሩን ፒንግ ሳደርግ 1 ይላል። ሁሌም 1።

ተፈታ ብዬ ጨፈርኩ። ማታ 2 ሰዓት ሲሆን አሁንም 500።

ሁለተኛው ምርመራ ይሄ ነው። ራውተሩ 1 እያለ የውጭውን፣ ለምሳሌ የጉግልን አድራሻ 8.8.8.8ን ፒንግ አድርግ። መጀመሪያ ቤቱ ጸጥ ሲል። ከዛ አንድ ሰው ከስልኩ ትልቅ ቪዲዮ ወደ ኢንተርኔት እንዲጭን አድርግና ድገመው። ጸጥታው ላይ 70 የነበረው ጭነቱ ላይ 400፣ 600፣ 1000 ከሆነ በሽታህ ሰልፍ ነው። የእኛ ቤት በሽታ እህቴ ነበረች፤ ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ። ማታ ቲክቶክ ትጭናለች። ስልኳም ቻርጅ ላይ ሲሰካ የቀኑን ፎቶ ሁሉ በራሱ ወደ ክላውድ ይልካል። እሷም አታውቅም።

ለምንድነው ይሄ ጌሙን የሚገድለው? ጌም እኮ ብዙ ዳታ አይበላም። በሰዓት መቶ ሜጋባይት ቢፈጅ ነው፤ አንዳንዱ ከዛም ያንሳል። ችግሩ የመብዛት ሳይሆን የመጠበቅ ነው። ጠባብ የግቢ በር አስብ። በሩ ላይ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ሰልፍ ይዞ ቆሟል። አንተ ባዶ ባጃጅ ይዘህ ከኋላ መጣህ። ባጃጇ በሩን ለማለፍ አንድ ሰከንድ አይፈጅባትም፤ ግን ሲኖትራኮቹ አንድ በአንድ እስኪያልፉ ትቆማለች። የእኛ መስመር ማስገቢያው 10፣ ማስወጫው 2 ሜጋቢት ነበር። ሞደሙ፣ ማለትም የኢንተርኔት መስመሩ የሚገባበት ሳጥን፣ ውስጥ 256 ኪሎባይት ፎቶ ከተሰለፈ፣ 2 ሜጋቢት ነው፤ እሱ እስኪወጣ ሙሉ 1 ሰከንድ። አንተ የተኮስካት ጥይት ከዛ ሰልፍ ኋላ ነች። ጠላትህ ቤቱ ገብቶ ሻይ ጠጥቷል።

ይሄን ነገር ጂም ጌቲስ የሚባል ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ የራሱ ቤት ኢንተርኔት አስቸግሮት ሲመረምር «በፈርብሎት» የሚል ስም አወጣለት። መድኃኒቱም ብዙ አልቆየም። በ2012 ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን ኮዴል የተባለውን የሰልፍ አስተዳደር ዘዴ አወጡ። ከእሱ ኤፍኪው-ኮዴል፣ ቆይቶም ኬክ የሚባለው መጣ። ሥራቸው ሲኖትራኮቹን መሃል መሃል እያስቆሙ ባጃጇን ማሳለፍ ነው። ራውተር ለጌም ስትመርጥ ከአንቴናው በፊት የምትጠይቀው ይሄንን ነው፤ ኤፍኪው-ኮዴል ወይም ኬክ አለው ወይ? ሴቲንጉ ላይ ብዙ ጊዜ «ኤስኪውኤም» ተብሎ ይጻፋል። «ጌም ሞድ» የሚል ቁልፍ ብቻ ያለው አይቆጠርም። ሸረሪቱ ላይም ነበረ፤ ነካሁት፣ መብራቱ ወደ ሰማያዊ ተቀየረ፣ ሌላ የሆነ ነገር አላየሁም።

አንድ ሚስጥር አለው። ፍጥነቱን ከእውነተኛው ዝቅ አድርገህ ነው የምትሞላው፤ 90 በመቶ አካባቢ። እኔ ከታች የምነግርህን ራውተር ስይዝ 10ሩን 9፣ 2ቱን 1.8 አደረግሁ። ሰው «ለምን ፍጥነቴን እቀንሳለሁ?» ይላል። ሰልፉ ሞደሙ ውስጥ ሳይሆን አንተ ራውተር ውስጥ እንዲቆም ነው። የማታዘው ቦታ ላይ የቆመን ሰልፍ ማስተካከል አትችልም። ያን ማታ እህቴ ቪዲዮዋን እየጫነች የእኔ ፒንግ ከ130 ወደ 145 ነው የሄደው። አላመንኩም። ተነስቼ ሄጄ «እየጫንሽ ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። «ምን አገባህ» አለችኝ። እየጫነች ነበር።

ሦስተኛው የምጣዱ ነገር ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ ጌሙ ድንገት ጥርቅም ብሎ ይዘጋል፤ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይመለሳል። ዋይፋይ አይደለም፣ ሰልፍ አይደለም። እናቴ እንጀራ የምትጋግርበት ቀን ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ ወደ 16 አምፔር። እሱ ሲበራ የቤታችን አምፖል ፈዘዝ ይላል፤ ራውተሩ ደግሞ መፍዘዝ አያውቅም፣ ጠፍቶ ይነሳል። ይሄንን ለማግኘት ወራት የፈጀብኝ አምፖሉን ቀና ብዬ ስላላየሁ ነው።

ለራውተር የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ ገዛሁ፣ በቃ። እንደ ፓወር ባንክ ነው፤ ግን 12 ቮልት ያወጣል። ስትገዛ የአዳፕተርህን ጽሑፍ አንብብ፤ 12 ቮልት 1 አምፔር ይላል ወይስ 9 ቮልት? ከተሳሳትክ ራውተሩን ታቃጥላለህ። የፋይበር ሳጥን ካለህ እሱም ሌላ አዳፕተር አለው፤ ሁለት መውጫ ያለውን ውሰድ። በሳጥኑ ላይ 8,800 ሚሊአምፔር ሰዓት ካለ ወደ 32 ዋት ሰዓት ነው። 10 ዋት ለሚስብ ዕቃ በሚባክነው ተቀንሶ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይይዝልሃል። ኮረብታው ላይ የአዳማ አንድና ሁለት የንፋስ ተርባይኖች፣ 204 ሜጋዋት ሙሉ፣ ሲሽከረከሩ እያየን ጨለማ ውስጥ መቀመጣችን አይቀርም፤ ቢያንስ ዙሩን ጨርሰህ ትወጣለህ።

አሁን ራውተሩን እንግዛ። ካርቶኑ ላይ ያለውን ትልቅ ቁጥር እርሳው። ኤሲ1200 ማለት 300 በ2.4 ላይ፣ 867 በ5 ላይ፣ ተደምሮና ተሟልቶ ነው። ኤኤክስ1800ም 574 ሲደመር 1201 ነው። የአንተ መስመር 10 ነው። ዋይፋይ 6 የሚባለው አዲሱ ትውልድ መጥፎ አይደለም፣ ብዙ ስልክ ያለበት ቤት ያግዛል፤ ግን ስልኩም ወይ ኮንሶሉም ዋይፋይ 6 መሆን አለበት። ፒኤስ5 ነው፤ ፒኤስ4 አይደለም። ለእሱ ብለህ ብር አትጨምር።

እኔ ሁለት መንገድ አውቃለሁ። አንዱ ኦፕን ደብሊው-አር-ቲ የሚቀበል ተራ ራውተር ነው። ከ2004 ጀምሮ ያለ ነጻ የራውተር ሶፍትዌር ነው፤ ኤስኪውኤምን በነጻ ትጭንበታለህ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። አንድ ሞዴል፣ ለምሳሌ የቲፒ-ሊንክ አርቸር ሲ6፣ ስሙ አንድ ሆኖ ሥሩ ላይ «ቪ2»፣ «ቪ3» እያለ የተለያየ ውስጥ ይዞ ይወጣል። አንዱ ሊቀበል፣ ሌላው ላይቀበል ይችላል። ሱቅ ውስጥ ገልብጠህ ስቲከሩን ፎቶ አንሳ፣ ከኦፕን ደብሊው-አር-ቲ የዕቃ ዝርዝር ጋር አስተያይ፣ ከዛ ክፈል። ባለሱቁ «አንድ ናቸው» ቢልህ አትስማው። አርቸር ሲ50 ደግሞ ፖርቶቹ 100 ሜጋ ናቸው፤ ለ10 ሜጋ መስመር ግን አሥር እጥፍ ነውና አያሳስብህ።

ሁለተኛው ማይክሮቲክ የሚባለው የራውተር ብራንድ ነው። እኔ አሁን ያለሁበት። ጓደኛዬ የሚሠራበት ሆቴል ዋይፋዩን ሲያድስ ያወጣውን ኤችኤፒ ኤሲ2 የሚባል ሞዴል በርካሽ አገኘሁ። ራውተር ኦኤስ 7 የሚባለው የማይክሮቲክ ሶፍትዌር ከተጫነበት ኬክም ኤፍኪው-ኮዴልም አለው። ለመልኩ ዜሮ ነው፤ ጥቁር ሳጥን። ሴቲንጉም ለጀማሪ የሚያስለቅስ ነው፤ የሚያውቅ ሰው አስቀምጥ። ግን ከተማው በሆቴል ስለተሞላ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም።

ሸረሪቱን ለመሸጥ ሞከርኩ፤ ግማሹን እንኳን የሚሰጠኝ አልተገኘም። አሁን ሳሎን ለስልክ ዋይፋይ ይለቃል። እናቴ ቀዩን መብራት ስላልወደደችው ዳንቴሉን መልሳ አልብሳዋለች፤ አንቴናዎቹ በቀዳዳው ወጥተዋል።

ሁለት ራውተር አንዱን ከሌላው ጋር ስታገናኝ ጌሙ «ናት ታይፕ 3» ወይም «ስትሪክት» ካለህ የቤትህ አድራሻ ሁለት ጊዜ እየተተረጎመ ነው። ወይ የአቅራቢውን ሳጥን «ብሪጅ» (መስመሩን ብቻ የሚያሳልፍ) አስደርግ፣ ወይ ሁለተኛውን «አክሰስ ፖይንት» (ዋይፋይ ብቻ የሚለቅ) አድርገው። የራውተርህ የውጭ አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ ግን አቅራቢው ራሱ አንዱን አድራሻ ለብዙ ሰው አካፍሎታል፤ በራውተር አታስተካክለውም። በሲም የሚሠራ 4ጂ ራውተር ያላችሁ ደግሞ ኤስኪውኤም ብዙም አይጠቅማችሁም፤ ፍጥነቱ በየደቂቃው ስለሚቀያየር 90 በመቶው የምን እንደሆነ አይታወቅም። መስኮት ዳር አስቀምጡት፣ ማማው ወዳለበት አዙሩት።

እና 120ው ራሱ? እሱን አትንካው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በአንድ ሚሊሰከንድ 200 ኪሎሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። ከአዳማ ባህሬን በቀጥታ 2,300 ኪሎሜትር አካባቢ ነው፤ ደርሶ መልስ ቢያንስ 23 ሚሊሰከንድ። ፍራንክፈርት ከ5,000 በላይ ነው፤ ከ50 በታች ሊሆን አይችልም። ገመዱ ደግሞ በቀጥታ አይሄድም፤ በጎረቤት አገር ወጥቶ፣ ባሕር ዞሮ ነው። ጌሙ ሰርቨር ካስመረጠህ ካርታ ላይ የቀረበውን ሳይሆን ለክተህ ያነሰውን ያዝ። 120 የረጋ ከሆነ ትጫወትበታለህ። የሚገድልህ ከ120 ወደ 500 የሚዘለው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ቁጥር ለክተህ እዚህ ጻፍልኝ፦ ራውተሩን ከምትጫወትበት ቦታ፣ 8.8.8.8ን ቤቱ ጸጥ ብሎ፣ 8.8.8.8ን ሰው ቪዲዮ እየጫነ። አሁን ያለህን ራውተር ገልብጠህ የስቲከሩን ፎቶም ጨምርበት፤ የይለፍ ቃሉን በጣትህ ሸፍነው። ምናልባት ያው ራሱ ኦፕን ደብሊው-አር-ቲ ይቀበል ይሆናል።